ዲስክ አንግዛ

ባለፈው ወር ኮሌጃችን ከአገልግሎት ካወጣቸው ኮምፒውተሮች ውስጥ 16ቱን ለማኅበራችን ሰጥቶናል። እስካሁን ያላያችኋቸው ካላችሁ፣ ምድር ቤት ባለችው ዕቃ ማስቀመጫችን ውስጥ ከባህል ቀን መጋረጃዎቻችንና ከረከቦቱ ጎን ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አላቸው፤ አቧራቸው ቢጠረግ አዲስ ይመስላሉ። የሚጎድላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮሌጁ ዕቃ ሲያስወግድ የሠራተኛና የተማሪ መረጃ በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ያስቀራል። ስለዚህ ሲያበሩት ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ከዚያ የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ የሚናገር አንድ መስመር ስክሪኑ ላይ ጽፎ ቀጥ ይላል።

ኮምፒውተሮቹ የታሰቡት ለቅዳሜው የአማርኛና የቤት ሥራ ማገዣ ክፍላችን ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ደግሞ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ይቀርባል፦ ለ16ቱም ዲስክ እንግዛ የሚል። አንዱ በ30 ዶላር ቢታሰብ 480 ዶላር ነው፤ ከእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን የተረፈው ገንዘብ ይሸፍነዋል። ሐሳቡን ያመጡት ጓደኞቼ ናቸው፤ በቅንነት እንዳመጡትም አውቃለሁ። እኔ ግን ድምፄን የምሰጠው በተቃውሞ ነው። ምክንያቴ በሁለት ደቂቃ የስብሰባ ንግግር የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ እጽፈዋለሁ።

አምና ምን ሆነ?

አምና በዚሁ ክፍል 12 ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ዲስክ ነበራቸው። ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወርኩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩ፣ የግዕዝ ፊደል አስገባሁ፣ የአማርኛ ኪቦርድ አስተካከልኩ። እውነቱን ልናገርና ወደ መጨረሻ ሲደርስ ደክሞኝ ነበር፤ አማርኛ መጻፍ የሚቻለው በሰባቱ ብቻ ነበር። በአምስቱ ላይ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ የተውኩት ሳይስተካከል ዓመቱ አለቀ።

ልጆቹ መጡ። አንዱ የስክሪኑን ቋንቋ ወደማናውቀው ቋንቋ ቀየረው። ሌላዋ ጨዋታ አወረደችና ከጨዋታው ጋር ሌላ ያልተጋበዘ ነገር አብሮ ገባ። አንዱ ኮምፒውተር ራሱን እያደሰ ሳለ አንድ ሕፃን በእግሩ መሰኪያውን ነቀለው፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። በማርች ወር ላይ በወጉ የሚሠሩት አራት ብቻ ነበሩ። ከሁለት ሰዓት ትምህርት ውስጥ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እኔ ወንበር ለወንበር እየተሯሯጥኩ ስጠግን ያልፍ ነበር። ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ አንዲት እናት አንድ ቀን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «የኔ ልጅ፣ ይኼ ትምህርት ነው ወይስ ጋራዥ?» አሉኝ። ሳቅኩ፤ ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። ልጅ መነካካቱ አይቀርም፤ መነካካትም አለበት፤ የሚማረው እንደዚያ ነው። የእኔ ስንፍና ብቻም አልነበረም። 12 ዲስክ ማለት ለየብቻቸው የሚታደሱ፣ ለየብቻቸው የሚበላሹ፣ ለየብቻቸው የሚጠገኑ 12 ነገሮች ማለት ነው። ዘንድሮ 16 እናድርጋቸው እየተባልን ነው።

«አንዱን በደንብ አዘጋጅተን ወደ ሌሎቹ እንገልብጠው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለዚህ ክሎንዚላን የመሰሉ ጥሩና ነፃ መሣሪያዎች አሉ። ግን የተገለበጡት ዲስኮች አንድ ዓይነት የሚሆኑት ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ አንዱ ይታደሳል፣ አንዱ ሳይበራ ይውላል፣ አንዱ ላይ አንድ ልጅ አንድ ነገር ይጭናል። በወሩ መጨረሻ እንደገና 16 የተለያዩ ኮምፒውተሮች ይኖሩናል።

ያለ ዲስክ እንዴት ይነሳል?

እኔ የማቀርበው ሐሳብ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር አድርገን 15ቱን ያለ ዲስክ፣ በኔትወርክ ኬብል እንድናስነሳቸው ነው። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1980ዎቹ ዲስክ ውድ በነበረበት ጊዜ ሰን ማይክሮሲስተምስ ዲስክ አልባ ኮምፒውተሮችን ለዩኒቨርሲቲዎችና ለመሐንዲሶች ይሸጥ ነበር። በ1999 ኢንቴል የፒኤክስኢን 2.1ኛ ስሪት መመሪያ አወጣ፤ ዛሬ ኬብል መሰኪያ ያላቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ይህንን ችሎታ ከፋብሪካ ይዘውት ይወጣሉ። ምድር ቤት ያሉት 16ቱም አላቸው። አልተጠቀምንበትም እንጂ።

ኮምፒውተር ላልተማራችሁ አንባብያን አካሄዱን ላስረዳ። ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር ሲበራ ሰፈሩን እንደማያውቅ እንግዳ ነው። መጀመሪያ በኬብሉ በኩል ጮክ ብሎ ይጠይቃል፦ «እኔ ማን ነኝ? የምነሳበትንስ ከማን ላግኝ?» ይህንን ጥያቄ የሚመልሰው ዲኤችሲፒ የሚባለው አሠራር ነው፤ ስልካችሁ ዋይፋይ ውስጥ ሲገባ አድራሻ የሚሰጠውም እሱው ነው። ኮምፒውተሩ የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል፤ «ሰርቨሩ እዚህ ጋ ነው፣ ይህን ፋይል ውሰድ» ይባላል። ቲኤፍቲፒ በሚባል በጣም ቀላል መንገድ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ወደ ሚሞሪው ያወርዳል። ያቺ ፕሮግራም የሊኑክስን ዋና ክፍል ታመጣለች። ሊኑክሱ ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ያለውን፣ ኢሜጅ የሚባለውን የተጨመቀ የሲስተም ቅጂ ልክ የራሱ ዲስክ እንደሆነ አድርጎ ይከፍተዋል። ከዚያ ልጁ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አስገብቶ ሥራውን ይጀምራል።

ሁለት ነገሮች ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሥራውን የሚሠራው ልጁ ፊት ያለው ኮምፒውተር ራሱ ነው፤ የሚጠቀመውም በገዛ ፕሮሰሰሩና በገዛ ሚሞሪው ነው። ሰርቨሩ የሚያቀብለው ፋይል ብቻ ስለሆነ ግዙፍ ማሽን አያስፈልገንም፤ ከ16ቱ አንዱ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የሲስተሙን ቅጂ ሁሉም ያነቡታል እንጂ ማንም አይጽፍበትም። ልጁ ሲስተሙ ላይ ያደረሰው ማንኛውም ጥፋት ሚሞሪ ውስጥ ብቻ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አብሮት ይጠፋል። የሚቀመጠው የልጁ የራሱ ማህደር ነው፤ እሱም ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ ዛሬ መስኮት ጋ ተቀምጦ የጀመረውን ጽሑፍ በሚቀጥለው ቅዳሜ በር ጋ ካለው ኮምፒውተር ላይ ያገኘዋል።

ይህንን ሁሉ የሚያቀናጅ ኤልቲኤስፒ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። የተጀመረው በ1999 ነው፤ በ2019 ከሥሩ እንደገና የተጻፈ ሲሆን ያ ሥራ የተወለደው ከግሪክ ትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር ክፍሎች ልምድ ነው። ማለትም አንድ መምህር፣ ያረጁ ኮምፒውተሮችና ጥቂት ገንዘብ ካሉበት ቦታ። የእኛን ክፍል የሚመስል ነው።

የአማርኛውን ኪቦርድ ነገር አስታውሱ። አምና 12 ጊዜ ጀምሬ ሰባት ጊዜ ጨረስኩት። በዚህኛው መንገድ ሰርቨሩ ላይ አንድ ጊዜ አስገባዋለሁ፣ ቅጂውን በአንድ ትእዛዝ አድሳለሁ፣ 15ቱም በሚቀጥለው ሲነሱ አማርኛ ይጽፋሉ። ወይ ሁሉም ይሠራል ወይ አንዱም አይሠራም፤ አንዱም ካልሠራ ደግሞ የት እንደምፈልግ አውቃለሁ።

የሞከርኩት፣ ያበላሸሁትም

ወሬ ብቻ እንዳይሆን ላለፉት ሦስት ሳምንታት በአምስቱ ኮምፒውተሮች ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ስህተት ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ልናገረው። ሰርቨሩ አድራሻ የማደል ሥራንም እንዲሠራ አድርጌ ከአዳራሹ ኔትወርክ ጋር አገናኘሁት። የአዳራሹ ራውተር ያንኑ ሥራ ቀድሞ ይሠራል። በአንድ ቤት ሁለት አዳይ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ሰዓት ከጎናችን ባለው ክፍል የዕድር ስብሰባ ነበር፤ በቪዲዮ ከሌላ ግዛት የገቡት አባላት አንድ በአንድ ጠፉ። እስካሁን ምክንያቱን ላልሰማችሁ አባቶችና እናቶች፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ዲኤንኤስማስክ የሚባለውን ፕሮግራም በፕሮክሲ መልክ ማስኬድ ይቻላል፤ አድራሻውን ራውተሩ እንዳደለ ይቀጥላል፣ የእኛ ሰርቨር ደግሞ የሚነሱበትን ቦታ ብቻ ይጠቁማል። ኮምፒውተሮቹ ላይ ደግሞ ሲበሩ ወደ ሴትአፕ ገብቼ በኔትወርክ መነሳትን ፈቀድኩ፣ ሴኪዩር ቡትን አጠፋሁ፣ ዲስክ ከመፈለጋቸው በፊት ኬብሉን እንዲያዩ ቅደም ተከተሉን ቀየርኩ። ይህ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ነው።

ሌላው ትምህርት ስዊቹ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለው አሮጌ ስዊች በሰከንድ 100 ሜጋቢት ብቻ ያሳልፋል፤ ያ ደግሞ ወደ 12 ሜጋባይት ነው። ለምሳሌ አንዱ ኮምፒውተር እስኪነሳ 300 ሜጋባይት ቢያስፈልገው፣ 15ቱ በአንድ ጊዜ ሲበሩ 4,500 ሜጋባይት ይሆናል። በአሮጌው ስዊች ከስድስት ደቂቃ በላይ መጠበቅ ነው፤ ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ስድስት ደቂቃ ዘላለም ነው። በጊጋቢት ስዊች ያው ሥራ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ገንዘባችን መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ባለ 24 መሰኪያ ያገለገለ ጊጋቢት ስዊች በ60 ዶላር አግኝቻለሁ። ኬብል 50፣ ለሰርቨሩ ሁለት ጥሩ ዲስኮች 80፣ መብራት ቢጠፋ ሰርቨሩንና ስዊቹን የሚይዝ ዩፒኤስ 80 ዶላር። ድምሩ 270 ነው። ከ480ው 210 ይተርፈናል።

ዋጋው ግን ዋናው ምክንያቴ አይደለም። ሁለቱ እኩል ቢሆኑም ይኸንኑ እል ነበር። የሚያጥረን ገንዘብ ሳይሆን ቅዳሜ ጠዋት ነው።

የሚነሱ ጥያቄዎች

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሰርቨሩ ቢበላሽ ሁሉም ይቆማል።» ልክ ነው። ይህን ማድበስበስ አልፈልግም። ዲስኩን ወደ አንድ ቦታ ስንሰበስብ አደጋውንም ሰብስበናል። ግን 16ቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት መሆናቸው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ሁለተኛውን ዲስክ የሰርቨሩ ትክክለኛ ቅጂ አድርገን መሳቢያ ውስጥ ብናስቀምጠው፣ ሰርቨሩ በሞተ ቀን ያንን ዲስክ ከ15ቱ በአንዱ ላይ ገጥመን እናስነሳዋለን። በአንድ መፍቻና በሩብ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። የልጆቹ ሥራም አንድ ቦታ ስለተከማቸ በየሳምንቱ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ አለበት፤ ይህ ቢረሳ ይቅር የሚባል ነገር አይደለም። አንድ ላይ የተከማቸ ሥራ ሲጠፋም አንድ ላይ ነው የሚጠፋው።

«ልጆቹ ዊንዶውስ መልመድ የለባቸውም ወይ?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እዚህ አሜሪካ ልጆቹ ከሰኞ እስከ ዓርብ በብዛት የሚጠቀሙት ክሮምቡክ ነው፤ እሱም ዊንዶውስ አይደለም፤ ማንም አልከፋውም። እኛ ዘንድ የሚሠሩት ጽሑፍ መጻፍ፣ ማንበብ፣ ሒሳብ መለማመድና ድረ ገጽ መክፈት ነው። በተጨማሪም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ብዙ የቆዩ ኮምፒውተሮች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። ኮሌጆችና ቢሮዎች ዕቃ የሚያወጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እነዚህ 16 ኮምፒውተሮች የመጨረሻዎቹ አይሆኑም፤ ገና ብዙ ይመጣልናል።

«ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?» የሚለው ጥያቄ ከቃሉ የመጣ ይመስለኛል። አገር ቤት «ኔትወርክ የለም» ስንል ስልክ ወይም ኢንተርኔት የለም ማለታችን ነው። እዚህ ኔትወርክ ስል ግን በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ኬብሎችና ስዊቹን ነው። የአዳራሹ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ኮምፒውተሮቹ ይነሳሉ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ያስቀምጣሉ። ሰርቨሩ ላይ ኪዊክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ብንጭን ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ከነሥዕሉ ያነባሉ። አንድ ገደብ ግን አለ፦ በዚህ መንገድ ለመነሳት ኬብል ያስፈልጋል፤ ዋይፋይ አያስተማምንም። ኬብል መሰኪያ የሌለው ቀጭን ላፕቶፕ ለዚህ ክፍል አይሆንም።

ወደ አገር ቤት ስለምንልከው

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በማኅበራችን ውስጥ የሚወራ ሁለተኛ ሐሳብ አለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የምናገኛቸውን ኮምፒውተሮች ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አንድ ትምህርት ቤት እንላክ የሚል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ግን አስቀድሜ አንድ ክፍል ላሳያችሁ።

እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት ደብረ ብርሃን 10ኛ ክፍልን ጨርሼ ነው። ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ነበረው። 20 በዕርዳታ የመጡ ኮምፒውተሮች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው፣ ጠርዙ በዳንቴል የተሠራ ጨርቅ ለብሰው ነበር። አቧራ እንዳይገባ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ነበር የምንገባው። ከ20ዎቹ የሚሠሩት ስድስት ናቸው፤ በአንዱ ዙሪያ ስምንት ሆነን እንቆማለን፤ ማውሱን የሚይዘው ቀድሞ የደረሰው ነው። ቁልፉ የነበረው አንድ መምህር ዘንድ ነበር። መምህሩ ጎበዝ ነበሩ፤ በራሳቸው ጊዜ፣ ከምሽት ጀምሮ፣ ከአንዱ ዕቃ እየነቀሉ ሌላውን ይጠግኑ ነበር። ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። ክፍሉ ተቆለፈ። በቀረው ጊዜ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን የተማርኩት ከጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ማውስ በጠመኔ ተሥሎልን።

ከእኔ በፊት የነበሩት ደግሞ ፕላዝማን ያስታውሳሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገባ፤ ትልቁ ስክሪን ክፍሉ ፊት ተሰቀለ። ብዙ የተማሩበት አሉ። ግን መብራት በጠፋና ዕቃው በተበላሸ ቁጥር ክፍሉ ምን ይሆን እንደነበር ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ዕቃውን ማምጣቱ ተችሎ ነበር፤ ዕቃውን በሕይወት ማቆየቱ ነው ያስቸገረው።

ስለዚህ ለአንድ ትምህርት ቤት 16 ኮምፒውተር ከ16 ዲስክ ጋር ስንልክ ከዕቃው ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፤ በፎቶ ላይ የማይታይ። አንድ ሥራ የበዛበት መምህር 16 ነገር እንዲጠግን አዝዘነዋል። ዲስክ አልባ ክፍል ይህንን ሸክም ወደ አንድ ዕቃ ያወርድለታል። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚበላሽ ዲስክ ያለው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ 16 ዩፒኤስ ሳይሆን አንድ ይበቃዋል። ሰርቨሩ አሮጌ ላፕቶፕ ቢሆን ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ይሆንለታል። ተማሪ ከኢንተርኔት ካፌ በፍላሽ ይዞት የመጣው ቫይረስም ወደ ሲስተሙ ቅጂ መግባት አይችልም፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ንጹሕ ሆኖ ይነሳል። የምንልካቸው ኮምፒውተሮች በ220 ቮልት እንደሚሠሩ ከመላካችን በፊት ማረጋገጥ ግን የእኛ ሥራ ነው፤ አንዳንዶቹ ከኋላቸው በእጅ የሚቀየር ማብሪያ አላቸው፤ እሱ ሳይቀየር የተሰካ ዕለት ጭስ ነው።

ግን ሐቀኛ ልሁን። የደብረ ብርሃኑን ክፍል የዘጋው የዲስክ ብዛት ብቻ አልነበረም። ቁልፉም እውቀቱም አንድ ሰው ዘንድ መሆኑ ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ ያንን ችግር ሊያባብሰውም ይችላል። 16ቱን ኮምፒውተር አንድ ሰርቨር ላይ አስሬ፣ የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ይዤ በሜይ ብመረቅ፣ የዚያ መምህር ታሪክ እዚሁ ተደገመ ማለት ነው። እሳቸውን ያዛወራቸው ሌላ ነው፤ እኔ ግን የምሄድበትን ቀን አሁኑኑ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሰበብ የለኝም።

ለስብሰባው የማቀርበው

በዚህ ምክንያት የማቀርበው ሐሳብ «ዲስክ አንግዛ» ብቻ ብሎ የሚያበቃ አይደለም። ገንዘቡ ለስዊች፣ ለኬብል፣ ለሁለት ዲስክና ለአንድ ዩፒኤስ ይዋል። ከአንደኛና ከሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁለት ሰዎች ይመረጡ፤ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ መሆን የለባቸውም፤ ነርሲንግ የምትማር እህታችን ባለፈው ሳምንት ቅጂውን ራሷ አድሳ አምስቱን ኮምፒውተሮች አስነስታለች፤ እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ነበር። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ። አሠራሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ይጻፍ፤ ግማሹን ጽፌዋለሁ፤ ያልገባችሁን ቦታ ስትነግሩኝ አስተካክለዋለሁ።

ወደ ኢትዮጵያም ምንም ነገር አንላክ፤ ይህ ክፍል እኔ ሳልነካው አንድ ሙሉ ሴሚስተር እስኪሠራ ድረስ። እኛ እዚህ፣ መብራት በማይጠፋበት አገር፣ ያለ አንድ ሰው ማቆየት ያልቻልነውን ነገር ለሌላ መምህር ሸክም አድርገን መላክ ስጦታ አይባልም። ከሠራ ግን ከኮምፒውተሮቹ ጋር ያንን በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ እንልካለን፤ እዚያ ያሉት መምህርም ደውለው የሚያገኙት ሰው አንድ ብቻ አይሆንም።

ከስብሰባው በፊት ባለው ቅዳሜ አምስቱ ኮምፒውተሮች አዳራሹ ውስጥ በርተው ይጠብቋችኋል፤ በፈረንጅ 10 ሰዓት፣ በእኛ 4 ሰዓት። የሐበሻ ቀጠሮ አታድርጉት። ኑና አበላሹልኝ። ቋንቋውን ቀይሩ፣ ፋይል አጥፉ፣ ሥራ ላይ እያለ መሰኪያውን ንቀሉት። ከዚያ መልሳችሁ አብሩትና እዩት። ካሳመነኳችሁ ድምፃችሁን ስጡኝ። ካላሳመነኳችሁም ቅሬታ የለኝም፤ ዲስኮቹ በመጡ ቀን መፍቻዬን ይዤ እገጥማለሁ።